ጤፍ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፦ ትኋንን ከቤታችን ያስወጣንበት አራት ወር

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ከፍኖተ ሰላም ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር ሰው የቤት ዕቃውን በቅናሽ እየሸጠ መሆኑን ሰምተን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ዓይናችን ያረፈው ከዋንዛ በተሠራ፣ ራስጌው በተፈለፈለ ትልቅ አልጋ ላይ ነበር። አዲስ ቢሠራ ከሚያስወጣው ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ተስማማን፤ በጋሪ አስጭነን አመጣነው፤ እኔም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ አነጠፍኩበት። የወለወልኩት ግን የሚታየውን ፊቱን ብቻ ነበር። ርብራቡን አላነሣሁም፣ ራስጌው ከጎኑ ጋር የሚጋጠምበትን ስንጥቅ አላየሁም፣ አልጋውን ገልብጬ ከሥሩ አልተመለከትኩም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ባለማድረጌ አራት ወር እንቅልፍ አጣሁ፣ አንድ ፍራሽ ጣልኩ፣ ከእህቴም ጋር ተቀያየምኩ።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በእኔ ላይ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ በግራ ክንዴ ላይ ሦስት ቀያይ እብጠቶች በአንድ መስመር ተደርድረው አገኘሁ። ግቢያችን ውስጥ ዶሮም በግም ስለሚያድሩ ወዲያው የጠረጠርኩት ቁንጫን ነበር፤ ወለሉን በእበት ለቀለቅሁ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ ማሳከኩ ግን አልቀነሰም። ቁንጫ ይዘላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰውም ከጉልበት በታች፣ በተለይ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። የእኔ እብጠት ግን ሌሊት ከጋቢ ውጭ በሚያድረው ገላዬ፣ በክንዴ፣ በአንገቴና በትከሻዬ ላይ ነበር። ይህን ልዩነት ያኔ ባውቅ ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ወለል ስለቀልቅ አልከርምም ነበር።

ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረኝ ባለሙያ በመጀመሪያ የጠረጠረው እከክን ስለነበር በጣቶቼ መካከልና በእጄ አንጓ ላይ ተመለከተ፤ እከክ የሚወደው እነዚህን ቦታዎችና ወገብን ነው። ምንም ስላላገኘ፣ «በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ አጠገቤ የሚተኛው ባለቤቴ አንድም ምልክት አልነበረበትም፤ እንዲያውም «አንቺን ብቻ እየመረጠ የሚበላ ምን ዓይነት ቁንጫ ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ትኋን ባለቤቴንም እኩል ይነክሰው ነበር፤ ልዩነቱ የእሱ ገላ አለማሳየቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ቢነከሱም ቆዳቸው አያብጥም፤ በአንዳንዱም ላይ እብጠቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ብቻ ቢያሳክከው «ትኋን ቢሆን ኖሮ ሁላችንንም ይነክሰን ነበር» ብላችሁ አትለፉት። እብጠት ብቻውን የምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ መፈተሽ ያለበት አልጋው ነው።

ቀጥሎ የሠራሁትን ሳስታውስ እስካሁን ያሳፍረኛል። በነጩ አንሶላ ጠርዝ፣ በራስጌ በኩል፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ አልጋ ላይ ተጋድማ የቤት ሥራ መሥራት ስለምትወድ ተቆጣኋት፤ እያለቀሰች «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» ብትለኝም አላመንኳትም። አንሶላውን ስዘፈዝፈው ነጠብጣቡ ዝገት መስሎ ሲሟሟ አይቼ እንኳ አልገባኝም። ያ የትኋን ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ስለሆነ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ በእርጥብ ጣት ወይም በእርጥብ ጥጥ ሲሹት ወደ ቡናማ ቀይ ይለወጣል። ከማንኛውም እብጠት ይልቅ የሚታመነው ይህ ምልክት ነው። ልጄን ይቅርታ የጠየቅኋት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ለጥምቀት እናቴ ከደንበጫ ገጠር መጣች። ትልቁን አልጋ ለእሷ ለቅቀን እኛ መሬት ላይ አነጠፍን። በማግስቱ ጠዋት ቡና እየቆላሁ ሳለ፣ ባለቤቴ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይህ አልጋ ትኋን አለው» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ ቁንጫ ነው» ብዬ ተከራከርኩ።

«ቁንጫንማ አውቀዋለሁ። ሽታውስ? እርጥብ የድንብላል ቅጠል ሲታሽ የሚሸተውን ያህል ይሸታል። እኔ በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁት» አለች።

በዚያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀሰቀሰችኝ። መብራቱን እንዳላበራ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና የስልኬን ባትሪ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ እንድይዝላት አደረገች። የአንሶላውን ጥግ ቀስ ብላ ስትገልጠው በፍራሹ ስፌት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሲሄድ አየሁ፤ ከኋላው ሌላ ሆዱ የተነፋና የጠቆረ፣ ለመራመድ የከበደው ተከተለ። አይዘልም፣ አይበርም፤ እንደ ጉንዳን ነው የሚሄደው። ከዚያ እናቴ አንዱን ርብራብ አነሣችና ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ራስጌው በብሎን በተያያዘበት ስንጥቅ ውስጥ አስገብታ ወደ ታች ሳበችው። ከስንጥቁ ውስጥ ሕያው ትኋን፣ የደረቀ ቅርፊትና ጥቁር ብናኝ አብሮ ተዘርግፎ በነጩ አንሶላ ላይ ወደቀ። ለሁለት ወር ያህል ጭንቅላቴን ከዚያ ስንጥቅ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሳርፌ ስተኛ መክረሜን ሳስብ ገላዬ ሁሉ ተሸማቀቀ።

እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ትኋንን ለመለየት የሰጠችኝን ያህል ግልጽ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም። «እንቁላሉ ነጭ ጤፍ ነው፣ ልጁ ሰሊጥ ነው፣ ትልቁ ተልባ ነው» አለችኝ። እንቁላሉ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነና ከእንጨቱ ጋር እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ማኛ ጤፍ ተበትኖ የቀረ ይመስላል። ልጁ የገረጣ ሰሊጥ ነው፤ ደም ሲጠጣ ሆዱ ላይ ቀይ ነጥብ ይታያል። አድጎ ሲጨርስ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቀለሙም ጠፍጣፋነቱም ቁርጥ ተልባ ነው። ከፈራችሁት ቦታ ላይ እነዚህን ሦስቱን ወይም የተጣለ ቅርፊታቸውን ካገኛችሁ ሌላ ምስክር አያስፈልጋችሁም። እንቁላሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ከ6 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ አንዲት እንስትም በዕድሜዋ ከ200 በላይ ልትጥል ትችላለች። የተፈለፈለው ልጅ ተልባ እስኪሆን ድረስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ እያንዳንዱን ጊዜ ለመግፈፍ ደግሞ ቢያንስ አንዴ ደም መጥገብ አለበት። እነዚህን ቁጥሮች የጻፍኩት ለዕውቀት ያህል አይደለም፤ በኋላ ያሸነፍንበት ዘዴ በሙሉ በእነሱ ላይ የቆመ ነው።

ያን ሌሊት ትኋን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ወዲያው ትክክለኛውን ብሠራ ኖሮ በወር ውስጥ ባበቃ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት መደበቅ ነው። በእኛ አገር ትኋን ያለበት ቤት ሲባል ሴትዮዋ ቤቷን የማትጠርግ፣ ልብስ የማታጥብ ተደርጋ ትታሰባለች፤ እኔም ይህን ስለማውቅ እናቴን «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ አስማልኳት። ትኋን ግን ቆሻሻ አይበላም፤ ምግቡ ደም ብቻ ነው፤ የሰው ትንፋሽና ሙቀት ካለበት ንጹሕ ቤትም ገብቶ ይኖራል። የዕቃ መብዛትና መዝረክረክ መደበቂያ ይጨምርለት እንደሆነ እንጂ አያመጣውም። የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር በሽታ ነበር። የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻን እንደሚያስተላልፍ ስለሚታወቅ ትኋንም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ትኋን በንክሻው በሽታ ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፉ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ እንቅልፍ ማሳጣቱና ሲታከክ ቆዳው ቆስሎ ማመርቀዙ ነው። ለዚህም የትንሹን ልጄን ጥፍሮች በየሳምንቱ እቆርጥ ነበር፤ ያበጠውን በሳሙና አጥቤ በቀዝቃዛ ጨርቅ እይዝለታለሁ።

ተደብቄ ያደረግሁት ሁሉ ነገሩን አባባሰው። ሁለት ቆርቆሮ የሚነፋ የነፍሳት መድኃኒት ገዝቼ በሩን ዘግቼ ቤቱን በሙሉ ነፋሁት። ጠዋት አምስት የሞቱ ትኋኖች ጠርጌ ስለጣልኩ ድል ያደረግሁ መሰለኝ። በሳምንቱ ልጆቹ የሚተኙበት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ንክሻ ጀመረ። ጉሙ የሚያገኘው ውጭ የተገኘውን ብቻ ነው፤ በስንጥቅ ውስጥ ያለውን አይደርስበትም፣ እንቁላሉንም አይነካውም፤ የተረፈው ደግሞ ሽታውን ሸሽቶ ወደ ጎረቤት ግድግዳና ወደ ሌላው ክፍል ይበተናል። በተጨማሪም በእነዚህ ቆርቆሮዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው መድኃኒት ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ከሚነከርበት መድኃኒት ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ በብዙ አገሮች ያለ ትኋን ይህን ዓይነት መድኃኒት ተለማምዶታል። እኛም አጎበር ስር ነበር የምንተኛው። ትንኝ ከውጭ ስለሚመጣ አጎበሩ ይመክታል፤ ትኋን ግን እንደ እኛው አጎበሩ ውስጥ ያድራል።

ሁለተኛው ስህተቴ ክፍል መቀየር ነበር። ትልቁን አልጋ ትተን ሁላችንም ሳሎን ወለል ላይ ተኛን። ትኋን ወደ ሰው የሚመራው ትንፋሽና ሙቀት ስለሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ተከትሎን መጣ፤ በመኝታ ክፍሉ የቀረውም ቢሆን ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል ባዶ አልጋ አይገድለውም። በርበሬ የማጠኑን ነገር ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ሁላችንም እያነጠስንና እያለቀስን ወደ ውጭ ስንሮጥ ትኋኑ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ቀረ።

ባለቤቴ በበኩሉ የአልጋውን ስንጥቆች በላምባ ቀባቸው። በዚያው ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ስንገባ እናቴ ከእጄ ነጥቃ አጠፋችው፤ ላምባ የጠጣ እንጨትና ስፖንጅ ፍራሽ ባለበት ክፍል ውስጥ እሳት ይዤ መግባቴን ያስተዋለችው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ የከፋው ግን ሳይሠራ የቀረው ነው። አንድ በጎ አሳቢ ዘመዳችን፣ ጎተራውን ከነቀዝ የሚጠብቅበትን ክኒን ሁለት ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልንና «አልጋው ስር አስቀምጣችሁ በሩን ዝጉ፤ እስከ ጠዋት አንድም አይተርፍም» አለን። በግብርና ሙያ የሚሠራ የባለቤቴ ጓደኛ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ይህ ክኒን የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቅቃል፤ ጋዙ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ በኩል አልፎ ጎረቤት የተኛውን ሰው ይገድላል፤ የተለየ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። እባካችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ የእህል ክኒንም ሆነ ለእርሻ የተዘጋጀ ማንኛውም ርጭት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይገባም።

ጥር መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ሠርግ ነበረን። ያረፍነው በታላቅ እህቴ ቤት ነው። ልብሳችንን የያዝንበት ሻንጣ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠው በዚያው አልጋ ስር ነበር፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ሻንጣውን በእህቴ ልጆች አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን አድረን ተመለስን። «እታለም፣ ቤታችን ትኋን ገብቷልና ልብሳችንን በፌስታል አድርገን ውጭ እናስቀምጠው» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ኀፍረቴ ግን አፌን ያዘው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በራሴ ላይ የምፈርደው በዚህ ነው።

ነገሩ የተለወጠው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ፍራሹን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሳለ አከራያችን እትዬ መጡና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጁ ሸንቶበት ነው አልኳቸው። እትዬ ፍራሹን ዞረው ተመለከቱ፤ ስፌቱ ላይ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ በጣታቸው ነኩ፤ ከዚያ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩኝ። «እኔንም ከገና ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም» አሉ። ሁለታችንም መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ። ግቢው ውስጥ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዙ አራት ቤቶች አሉ፤ በዚያው ቀን አራቱንም ፈትሸን ሦስቱ ውስጥ አገኘን። እኔ ለብቻዬ ስነፋ ወደ እሳቸው እየሸሸ፣ እሳቸው በተራቸው ሲያባርሩት ወደ እኔ እየተመለሰ ነበር የከረመው። በግድግዳ የምትገናኙ ተከራዮች ከሆናችሁ አንዱ ቤት ብቻውን ምንም ቢለፋ አይጸዳም፤ ሁሉም በአንድ ቀን መጀመር አለበት።

ቀኑን መምረጥ ራሱ ሥራ ነበር። እትዬ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው፣ ሚካኤልም ማርያምም አይሠራባቸውም ስለሚሉ ዐቢይ ጾም በተያዘበት ሰኞ፣ የካቲት 13፣ እንድንጀምር ተስማማን። ባለቤቴ የዓመት ፈቃድ ወሰደ። ዋና መሣሪያችን የፈላ ውሃ ሆነ። ትኋንና እንቁላሉ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲያገኛቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ከበቂ በላይ ነው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ጋቢና የልጆቹን ልብስ በሙሉ ገና ክፍሉ ውስጥ እያለን በፌስታል ቋጥረን አወጣን፤ ልብስ ታቅፎ በቤቱ መካከል ማለፍ እንቁላል እየዘሩ መሄድ ነውና። የሚችለውን ሁሉ በበርሜል በፈላ ውሃ ዘፈዘፍን። ውሃ የማይወዱትን፣ ቡሉኮውን፣ ጫማውን፣ የልጆቹን ቦርሳ፣ በጥቁር ላስቲክ በስሱ ጠቅልለን በቆርቆሮ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ አዋልናቸው፤ እኩለ ቀን ላይ ገለበጥናቸው። የየካቲት ፀሐይ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ይሰጣል። ዝም ብሎ በገመድ ላይ ማስጣት ግን አይጠቅምም፤ ወፍራም ፍራሽም ላይ ላዩ እንጂ ውስጡ አይሞቅም፣ ትኋኑ ወደ ጥላው በኩል ይዞራል።

አልጋውን ብሎን በብሎን ፈታነው። ለስንጥቆቹ ማንቆርቆሪያ ሞከርን፤ ውሃው በሰፊው እየፈሰሰ ሳይገባበት ቀረ። እትዬ እጀታዋ የተሰበረ አሮጌ ጀበና ከጓዳ አወጡ። አንገቷ ጠባብ ስለሆነ የፈላውን ውሃ እንደ ክር አቅጥና በየብሎኑ ቀዳዳና በየመጋጠሚያው ውስጥ ታንቆረቁራለች፤ እጃችንን እንዳታቃጥለን አንገቷን በወፍራም ጨርቅ እየያዝን፣ ልጆቹን ከግቢ አስወጥተን፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በተራ ሠራንባት። ከራስጌው ፍልፍል ውስጥ የወጣውን ቁጥር መጻፍ አልፈልግም።

አሮጌውን የጥጥ ፍራሽ ማዳን አልተቻለም። ማንም አንሥቶ እንዳይወስደው በቢላዋ ቀድጄ ከግቢው ጀርባ አቃጠልነው፤ ትኋን ያለበትን ዕቃ መንገድ ዳር ማስቀመጥ ለሌላ ድሃ ቤት መላክ ነው። የልጆቹን ስፖንጅ ፍራሽ በወፍራም ላስቲክ ከስድስቱም ጎን ሸፍነን መጋጠሚያውን በፕላስተር አሸግነው፤ ውስጥ የቀረ ካለ እዚያው ተርቦ ይሞታል፣ ላስቲኩ ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይቀደድም፣ አይገለጥም። ከግድግዳው ላይ ለዓመታት ተደራርቦ የተለጠፈውን ጋዜጣ ገፈን አቃጠልነው፤ ከጀርባው ጤፍም ሰሊጥም ተልባም ነበረ። ስንጥቁን ሁሉ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መርገን በላዩ ለቀለቅነው። ይህን ሥራ እናቴ ሳትጠየቅ ከደንበጫ ተመልሳ መጥታ ሠራችው። በልጅነቷ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ቤቱን ሲረጩ ትኋን መጀመሪያ ረግፎ ኋላ ግን እንደ ተመለሰ፣ ጭቃው በደንብ የተመረገ ቤት ብቻ እንዳረፈ እየነገረችን።

ከዚያ በኋላ አልጋውን ደሴት አደረግነው። ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው፤ አራቱን እግሮች በቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ አቁመን በየጣሳው ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ጨመርን፤ አንሶላውም፣ ብርድ ልብሱም፣ አጎበሩም ወለል እንዳይነካ ወደ ፍራሹ ስር ቀብረን አጠፍነው። ያን ጊዜ ወደ እኛ ሊመጣ የሚፈልግ ትኋን በጣሳው ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ከባዱ ነገር እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ መታገሥ ነው፤ ማጥመጃው ጣሳው ሲሆን ጥሪው የእኛ ትንፋሽ ነውና። በየጠዋቱ ጣሳዎቹን እያየሁ ቁጥሩን በልጄ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 31 ነበር።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሳሳቱትን ልንሳሳት ተቃርበን ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ንክሻው ስለቆመ ባለቤቴ «አለቀ» አለ። እናቴ ግን «ጤፉስ?» አለችው። ከሙቀቱ ያመለጠ እንቁላል ካለ እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ መፈልፈሉ አይቀርም፤ የተፈለፈለው አድጎ ሌላ እንቁላል ሳይጥል ነው መያዝ ያለበት። ስለዚህ የፈላውን ውሃ፣ የልብሱን ቅቅልና ፍተሻውን የካቲት 22፣ ከዚያ የካቲት 30፣ ከዚያም መጋቢት 8 ደገምነው። በሁለተኛው ዙር ስንጥቅ ውስጥ ገርጥተው የሚሄዱ ሰሊጦችን አገኘን፤ ያን ዙር ብንዘልለው ኖሮ ፋሲካ ላይ ተልባ ሆነው ይጠብቁን ነበር። በደብተሬ ላይ ቁጥሩ ከ31 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 2 ወረደ። የመጨረሻዋን መጋቢት 14 ጠዋት በግርጌ በኩል ካለው ጣሳ አወጣኋት። ሆኖም ጣሳዎቹን እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ አላነሣንም፤ ትኋን ለወራት ተርቦ መደበቅ ስለሚችል ሁለት ሦስት ወር ባዶ ጣሳ ሳታዩ እንደ ተገላገላችሁ አትቁጠሩ።

አቅሙ ያላችሁ ባለሙያ ብታስጠሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲመጣ የሚረጨው መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ መሆኑን፣ ሕፃናት ለስንት ሰዓት ከቤት መራቅ እንዳለባቸውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ጠይቁት። ተመልሼ አልመጣም የሚል ሰው የእንቁላሉን ነገር አያውቅም ማለት ነው። እኛ አንድ ሰው አነጋግረን አንድ ርጭት ብቻ ይበቃል ስላለን አሰናበትነው።

አሁን ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ወስፌና የስልኬን ባትሪ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ብሎኑ የገባበትን፣ የመሳቢያውን ጀርባና የሶፋውን ስፌት ሳላይ ብር አልቆጥርም። በጉዞ ላይ አልጋ ስከራይም ሻንጣዬን አልጋ ላይም ሆነ ወለል ላይ አላስቀምጥም፤ በራስጌ በኩል ያለውን አንሶላ ገልጬ ስፌቱን አያለሁ፤ ቤት ስመለስም ልብሱን በቀጥታ ወደ ፈላ ውሃ ነው የምከተው።

ለእህቴ የነገርኳት መጋቢት ውስጥ ነው። በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኔ እኮ ልጆቹን ትንኝ ነው እያልኩ አጎበር ስገዛላቸው ነው የከረምኩት» አለች። ተቆጥታ ዘጋችው። በማግስቱ ከልጆቹ ፍራሽ ስፌት ላይ ያነሣችውን ፎቶ ላከችልኝ፤ ተልባ ገና አልበዛም፤ ሰሊጦች ግን ነበሩ። በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እጀታ የሌላት የእትዬ ጀበና በነጠላ ተጠቅልላ እቅፌ ውስጥ ነበረች። እህቴ በሩን ከፍታ ሻንጣዬን በሁለት ፌስታል ስትጠቀልልብኝ አልተቀየምኩም፤ ውሃው አስቀድሞ ምድጃ ላይ ተጥዷል።